ስቲከሩ ሕግ ነው እንዴ? ከቤት የምንወስደው ምጣድ፣ የአዳራሽ ኪራይና ፓት ቴስት በእንግሊዝ አገር

እንግሊዝ አገር ለክርስትና፣ ለልደት፣ ለእድር ስብሰባ ወይ ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ የተከራየ ሰው ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ሳያይ አይቀርም፣ "ከውጭ የሚገባ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ፓት ቴስት (የደህንነት ምርመራ) የተደረገ መሆን አለበት" የምትል። አብዛኛው ሰው ሳያነብ ፈርሞ ያልፋል። ከዛ ቀኑ ይደርስና የአዳራሹ ኃላፊ በር ላይ ቆሞ የቡናውን ምድጃ፣ የሩዝ መቀቀያውን፣ አምፕሊፋየሩን እያገላበጠ ምርመራውን ማለፉን የሚያሳይ ስቲከር ይፈልጋል፣ ስቲከር የለም፣ እንግዳው እየመጣ ነው፣ ክርክር ይነሳል። አንዱ "ሕግ ነው፣ በየዓመቱ ግዴታ ነው" ይላል፣ ሌላው "ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው እንጂ ሕጉ ላይ የለም" ይላል፣ ሦስተኛው ደሞ "ትናንት የተገዛ አዲስ ዕቃ ምኑ ይመረመራል" ብሎ ይቆጣል።

ሦስቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ችግሩ ክርክሩ ስቲከሩ ላይ ብቻ ሲያልቅ ነው፣ ምክንያቱም እኛ ወደ አዳራሽ የምንወስዳቸው ዕቃዎች የራሳቸው የሆነ አደጋ አላቸው፣ እሱን ደሞ ስቲከር ያለውም የሌለውም ብዙ ጊዜ አያወራውም።

ፓት ቴስት ምኑን ነው የሚያየው

ፓት የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው፣ ወደኛ ስናመጣው "የተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ምርመራ" እንደማለት ነው። ተንቀሳቃሽ የሚባለው ገመድና ስፒና (ሶኬት ላይ የሚሰካው ባለ እግሩ) ያለው ነገር ሁሉ ነው፣ ከስልክ ቻርጀር ጀምሮ እስከ ትልቁ የሻይ ማፍያ ድረስ። ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ፣ ብሬከሩ፣ ሶኬቱ ራሱ እዚህ ውስጥ አይገቡም፣ እነሱ የሕንጻው የኤሌክትሪክ ምርመራ የሚባል ሌላ ነገር አላቸው፣ ያ የባለ አዳራሹ ጣጣ ነው። ሰው ግን ሁለቱን እያደባለቀ "አዳራሹ ተመርምሯል ስለዚ የኔ ዕቃ ችግር የለውም" ሲል ይሰማል።

ምርመራው የሚጀምረው በዓይን ነው። ገመዱ ተላጧል ወይ፣ በፕላስተር ተጠቅልሏል ወይ፣ ስፒናው ተሰንጥቋል ወይ፣ አካባቢው ጠቁሯል ወይ፣ ውስጥ ያለው ፊውዝ ለዕቃው የሚመጥን ነው ወይ። ቀላል ይመስላል፣ ግን አብዛኛው ብልሽት የሚገኘው እዚህ ጋ ነው፣ ማሽን ሳይነካ። ከዛ በኋላ መሣሪያው ይመጣል፣ የሚለካው ነገር ደሞ እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል። አካሉ ብረት ሆኖ በሦስተኛ ሽቦ (ግራውንድ በሚባለው) ከመሬት ጋር የሚያያዘው ዕቃ ክላስ ዋን ይባላል፣ ምጣድ፣ ቶስተር፣ የሻይ ማፍያ እዚህ ውስጥ ናቸው። ግራውንድ ሳያስፈልገው በድርብ መከለያ የተሸፈነው ክላስ ቱ ነው፣ የፀጉር ማድረቂያና ብዙ ቻርጀር እንደዚ ነው፣ ምልክቱ አራት ማዕዘን ውስጥ ያለ ሌላ አራት ማዕዘን ነው፣ ጀርባው ላይ ፈልጉት።

ለክላስ ዋን ዕቃ ዋናው ጥያቄ ከስፒናው የግራውንድ እግር እስከ ብረቱ አካል ያለው መንገድ ሳይቋረጥ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። ኦም የሚባለው የኤሌክትሪክ መንገድ ምን ያህል እንደሚከብድ መለኪያ ነው፣ እዚህ ላይ የሚጠበቀው ከ0.1 ኦም ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው፣ ገመዱ ረጅም ከሆነ የገመዱ ይጨመርበታል። ሁለተኛው መለኪያ ተቃራኒው ነው፣ ኤሌክትሪኩ ወዳልተፈለገበት እንዳያመልጥ መከለያው በደንብ ይከለክላል ወይ የሚለው። 500 ቮልት ይለቀቅበትና ለክላስ ዋን ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም (አንድ ሚሊዮን ኦም ማለት ነው)፣ ለክላስ ቱ 2 ሜጋ ኦም ይጠበቃል። ሁሉም ካለፈ ቀን የተጻፈበት ስቲከር ይለጠፋል። ስቲከሩ እዛች ቀን ላይ ዕቃው እንዳለፈ ነው የሚናገረው፣ በማግስቱ ገመዱ በር ላይ ቢቆነጠጥ ስቲከሩ አረንጓዴነቱን አይቀይርም።

ሕጉ የሚለውና ሰው የሚለው

የሚጠቀሰው ሕግ የ1989ኙ በሥራ ቦታ ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ደንብ ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው በ1990 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ደንቡ የሚለው በአጭሩ የኤሌክትሪክ ሲስተም አደጋ እንዳያደርስ በተቻለ መጠን ተጠብቆ ይያዝ ነው። ፓት የሚል ቃል የለውም፣ በዓመት አንዴ የሚል የለውም፣ ስቲከር የሚል የለውም። ኤችኤስኢ፣ ማለትም የሥራ ቦታ ጤናና ደህንነትን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ራሱ ይሄንን በተደጋጋሚ ጽፏል፣ በየዓመቱ ሁሉንም ዕቃ መፈተሽ የሕግ ግዴታ አይደለም፣ ምን ያህል ጊዜ የሚለው በዕቃው ዓይነትና በአያያዙ ይወሰናል ብሎ። በ2011 ፕሮፌሰር ራግናር ሎፍስቴት ለመንግሥት ባቀረቡት የደህንነት ሕጎች ግምገማ ላይም ፓት ቴስት ከሚገባው በላይ እየተለጠጠ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ ተነስቷል። ባለሙያዎቹ የሚመሩበት የአይኢቲ (የኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂ ተቋሙ) የአሠራር መመሪያም በ2020 እትሙ "ይሄ ዕቃ በዚህን ያህል ወር" የሚለውን ሰንጠረዥ አውጥቶ ጥሎ አደጋውን መዝናችሁ ወስኑ ወደሚል ዞሯል።

ስለዚ "በየዓመቱ ግዴታ ነው" የሚለው ሰው ተሳስቷል። "ሕጉ ላይ የለም" የሚለውም ግን ብዙ ርቀት አይሄድም። ምክንያቱም ደንቡ ፈተናውን በስም ባይጠራም ውጤቱን ይጠይቃል፣ ዕቃው ሰው ቢጎዳ "ተጠብቆ መያዙን በምን አረጋገጥክ" የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ያኔ በጽሑፍ የተያዘ ምርመራ ማሳየት ከሌሎቹ መልሶች ሁሉ ይቀላል።

ለማኅበራት የሚወሳሰበው ሌላ ነገር አለ። የ1974ቱ የሥራ ቦታ ጤናና ደህንነት ሕግ በዋናነት የሚይዘው አሠሪን ነው። አንድም ደሞዝተኛ የሌለው፣ ሁሉም ሰው በነጻ የሚያገለግልበት እድር ወይ የሰንበቴ ማኅበር በአብዛኛው በዚህ ሕግ አይያዝም። ግን አንድ ተቀጣሪ ካለው ነገሩ ይቀየራል፣ ሕንጻ የሚያስተዳድር ከሆነም እንደዛው፣ ከዛ ውጭ ደሞ ሰው ላይ ጉዳት እንዳይደርስ የመጠንቀቅ አጠቃላይ የፍትሐ ብሔር ኃላፊነት አለ፣ እሱ ደሞዝ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። የእሳት አደጋውን በተመለከተ በእንግሊዝና በዌልስ የ2005ቱ የእሳት ደህንነት ትዕዛዝ ከመኖሪያ ቤት ውጭ ያለውን ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል ይነካል፣ ቦታውን በሚቆጣጠረው ሰው ላይ ኃላፊነት ይጥላል። "እኛኮ በጎ ፈቃደኞች ነን" የሚለው ሙሉ ከለላ አይሆንም ለማለት ነው።

ታድያ አዳራሹ ለምን ይጠይቃል

በኪራይ ውል ነው የሚጠይቀው። ሕግ ባያስገድደውም ባለ አዳራሹ "እኔ ቤት ያልተመረመረ ዕቃ አይገባም" የማለት መብት አለው፣ ፈርሞ የገባ ሰው ደሞ ውሉን ተቀብሏል። በር ላይ ቆሞ "ሕጉን አሳየኝ" ማለት የማይሠራው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ከኋላ ኢንሹራንስ አለ፣ ፖሊሲው ላይ የዕቃዎቹን አያያዝ የሚመለከት ቅድመ ሁኔታ ካለ ኮሚቴው ሊያልፈው አይችልም።

በባለ አዳራሹ ቦታ ሆኖ ማየትም ይገባል። እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ከ10,000 በላይ የመንደር አዳራሽ አለ፣ አብዛኛውን የሚያስተዳድሩት ጡረተኛ የሆኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት የሚመጣ ተከራይ ይዞት የሚገባውን አሥራ አምስት ዕቃ አንድ በአንድ ፈትተው ሊያዩ አይችሉም፣ ቢያዩም አያውቁበትም፣ ስቲከር ለነሱ አቋራጭ ነው። በሌላ በኩል ደሞ ሁሉንም በአንድ ሕግ መጠቅለሉ ትንንሽ ማኅበራትን ይጎዳል፣ ለአንድ ዕቃ የሚከፈለው ጥቂት ፓውንድ ቢሆንም መርማሪዎች ለመምጣት የሚያስከፍሉት ዝቅተኛ ሂሳብ አለ፣ ሦስት ዕቃ ላላት ማኅበር ነገሩ ከዕቃው ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ከሁለቱ ወገን የባሰው ግን ማንም የማያነሳው ነው፣ ስቲከር ካለ ማንም ዕቃውን አያይም። አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፎበት ገመዱ የተሰነጠቀ ማፍያ ያለ ጥያቄ ይሰካል፣ ስቲከር የሌለው ንጹህ ኬትል ደሞ መኪና ውስጥ ይቀራል።

አዲስ ዕቃ የሚለውን ካነሳን፣ ከታወቀ ሱቅ የተገዛ አዲስ ዕቃ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ በማሽን መፈተን አያስፈልገውም፣ ሻጩ ደህንነቱን ጠብቆ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ በዓይን ማየት ይበቃል። ሦስተኛው ተከራካሪ እዚህ ላይ ትክክል ነው። ኢንተርኔት ላይ ከማይታወቅ ሻጭ በርካሽ የመጣው ግን ሌላ ነው። ስፒናውን ብቻ አይቶ መያዝ ይቻላል፣ በእንግሊዙ ባለ ሦስት እግር ስፒና ላይ ሁለቱ ታች ያሉት እግሮች ግማሽ ድረስ በጥቁር ፕላስቲክ ይሸፈናሉ፣ ላይ ያለው ረጅሙ የግራውንድ እግር ግን ብረት ከሆነ ሙሉ ብረት መሆን አለበት (ግራውንድ የማያስፈልገው ክላስ ቱ ዕቃ ላይ ሙሉ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል)። የብረት ግራውንድ እግር ላይ የፕላስቲክ ሽፋን ካለ፣ ወይ ገመድ ያለው ስፒና ፊውዝ ማስቀመጫ ከሌለው፣ ዕቃው ፎርጅድ ነው፣ ምርመራ ላይ ገንዘብ ሳታወጡ ጣሉት።

ግራውንዱ የተቆረጠ ዕቃም ይሠራል

የኤሌክትሪክ አደጋ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። አምፖል ከተቃጠለ አይበራም፣ ሰው ያውቃል። የግራውንድ ሽቦ ከተቆረጠ ግን ምጣዱ ይግላል፣ ማፍያው ያፈላል፣ ምንም የጎደለ ነገር አይመስልም፣ ለዓመታት እንደዛው ሊሠራ ይችላል። ግራውንዱ የሚያስፈልገው በዛች ሌላ ነገር በሚበላሽባት ቀን ብቻ ነው፣ ውስጥ ያለው ኮረንቲ የተሸከመው ሽቦ ተላቆ ብረቱን ሲነካ። ግራውንድ ካለ ኃይለኛ ኮረንቲ በዛ መንገድ ወደ መሬት ይፈስና ፊውዙ በቅጽበት ይቃጠላል፣ ሰው ሳይነካው ነገሩ ያልቃል። ግራውንድ ከሌለ ብረቱ ኮረንቲ ተሸክሞ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ወደ መሬት መንገድ የሚሆነው በእርጥብ እጁ የነካው ሰው ነው።

"ፊውዝ አለው አይደል እንዴ" የሚል ይኖራል። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ከመቃጠል ነው። ትልቁ የስፒና ፊውዝ 13 አምፔር ነው፣ በሚሊ አምፔር 13,000 ማለት ነው። ሰው ላይ ግን 1 ሚሊ አምፔር አካባቢ ነዘር ሲያደርግ ይታወቃል፣ ከ10 ሲያልፍ ጡንቻ ይጨብጥና እጅ አልለቅ ይላል (እኛ "ኮረንቲ ያዘው" የምንለው ቃል በቃል ትክክል ነው)፣ ከ30 በላይ ለጥቂት ጊዜ ከቆየ ትንፋሽና ልብ ላይ አደጋ አለ። በ30 እና በ13,000 መካከል ያለውን ርቀት ስታዩት ፊውዝ ለሰው ሕይወት ተብሎ እንዳልተሠራ ይገባችኋል።

ለሰው ተብሎ የተሠራው አርሲዲ የሚባለው ነው። በአንዱ ሽቦ የሄደው ኮረንቲ በሌላው ሙሉ ለሙሉ ተመልሷል ወይ ብሎ ያወዳድራል፣ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ከጎደለ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው በኩል፣ እየፈሰሰ ነው ብሎ በሴኮንድ ክፍልፋይ ይቆርጣል። ዘመናዊ አዳራሽ ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ አለው፣ በላዩ ላይ መሞከሪያ በተን ይኖረዋል። በድሮ ሕንጻ ውስጥ ላይኖር ይችላል፣ ያኔ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ዕቃው እሱ ላይ የሚሰካበት ተንቀሳቃሽ አርሲዲ በትንሽ ገንዘብ ይገዛል። ከቤት የመጣ ዕቃ በብዛት በሚሰካበት ቦታ ላይ ይሄ ነገር ከስቲከሩ የበለጠ ሥራ ይሠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ምጣዱ ስንመጣ

የፓት ቴስት መመሪያዎች የተጻፉት ኬትልና ኮምፒውተር ታስቦ ነው። ከኢትዮጵያ በሻንጣ የመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማንም አላሰበም፣ እኛ አዳራሽ ግን ዋናው እንግዳ እሱ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንየው። አገር ቤት የሚሠራው ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፣ 3,500 እንበል፣ በ220 ቮልት። እንግሊዝ በወረቀት ላይ 230 ቮልት ነው፣ ብዙ ሰፈር በተግባር ወደ 240 ይጠጋል። ቮልቴጅ ሲጨምር ማሞቂያ ሽቦ የሚወስደው ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ነው የሚጨምረው (ቮልቴጁ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል)፣ በ240 ቮልት ያው ምጣድ ወደ 4,200 ዋት ገደማ ይደርሳል፣ ማለትም 17 አምፔር። ስፒናው የተሠራው ለ13 ነው። ፊውዙ ደሞ ከቁጥሩ ትንሽ ስላለፈ ወዲያው አይቃጠልም፣ ለረጅም ጊዜ ይታገሣል፣ እሱ በታገሠ ቁጥር ስፒናውና ሶኬቱ ይግላሉ፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ብረቱ ይላላል፣ የላላ ግንኙነት ደሞ የባሰ ይግላል። ስፒና አካባቢ የምታዩት ቡናማ ጥቁረት የዚህ ውጤት ነው። ሌላው ደሞ አጠገቡ ባለው ሶኬት ላይ ሁለተኛ ምጣድ ይሰካል፣ ድርብ ሶኬት ግን ሁለት ጊዜ 13 አይሸከምም፣ በአጠቃላይ 20 አምፔር አካባቢ ነው የተሠራው። የኩሽናው መስመር በሙሉ ብዙ ጊዜ 32 አምፔር ነው፣ ሁለት ምጣድ ብቻውን ጨረሰው፣ ሦስተኛው ሲሰካ ብሬከሩ ይወድቃል፣ "የአዳራሹ መብራት ደካማ ነው" ይባላል።

ከአሜሪካ የመጣው የባሰ ነው። እዛ ያሉ ብዙ ወገኖች እንጀራ የሚጋግሩበት ክብ ኤሌክትሪክ ምጣድ (ለኖርዌይ ቂጣ ተብሎ የተሠራው) ለ120 ቮልት ነው፣ ወደ 1,500 ዋት ገደማ። ያንን እግሩን ብቻ በአዳፕተር ቀይሮ 230 ላይ መሰካት ኃይሉን አራት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም፣ ከ5,000 ዋት በላይ፣ ብዙም ሳይቆይ ሊቃጠል ይችላል። አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ ነው የሚቀይረው፣ ቮልቴጅ አይቀይርም።

ቀጥሎ ግራውንዱ አለ። አገር ቤት የሚገዛ ዕቃ ባለ ሁለት እግር ስፒና ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ግራውንድ ያለው ባለ ክብ ስፒና ቢሆንም እንኳ ርካሽ የጉዞ አዳፕተር ላይ ሲሰካ ግራውንዱ እዛው ይቋረጣል፣ አዳፕተሩ ውስጥ የሚያገናኘው ብረት የለም። አካሉ ብረት የሆነ ምጣድ በዚህ ሁኔታ እርጥብ እጅ በሚበዛበት ኩሽና ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ባለበት፣ ማለት ነው። ዕቃው ወደ ምርመራ ቢሄድ እዚሁ ላይ ወዲያው ይወድቃል፣ ትክክል ነው መውደቁ።

ስለ ሸክላው ደሞ አንድ የሚያከራክር ነገር አለ። ምጣዱ ውስጥ ማሞቂያው ጥምዝ ሽቦ የሚቀመጠው ሸክላው ሥር በተቆፈረ መስመር ውስጥ ነው፣ ሸክላ እርጥበት ይጠጣል፣ ጓዳ ውስጥ ሦስት ወር የተቀመጠ ምጣድ ሳይሞቅ ቢለካ የመከለያው ቁጥር ዝቅ ብሎ ሊወድቅ ይችላል፣ ሞቆ ደርቆ ቢለካ ደሞ ሊያልፍ ይችላል። ይሄ በምጣድ ብቻ የመጣ አይደለም፣ ማሞቂያ ዕቃዎች ሁሉ ትንሽ ትንሽ እንደዚ ያደርጋቸዋል፣ የሚያውቅ መርማሪ አሙቆ ደግሞ ይለካል፣ የማያውቅ ጥሎ ይሄዳል። መርማሪውን አስቀድሞ መንገር አይከፋም።

ከምጣዱ ጎን ሁልጊዜ ዲቫይደር አለ። ዲቫይደር ላይ አራት ቀዳዳ ስላለ አራት ዕቃ ይችላል ማለት አይደለም፣ በጠቅላላው 13 አምፔር፣ 3,000 ዋት ገደማ ነው አቅሙ፣ አንድ ኬትልና አንድ የቡና ምድጃ አብረው ሲሰኩ ይሞላል። የሚጠቀለለው ረጅም ገመድ ከሆነ ደሞ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት፣ ተጠቅልሎ እያለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና እርስ በርሱ ይቃጠላል፣ ጎኑ ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ አንዱ ለተፈታ አንዱ ለተጠቀለለ፣ ልዩነታቸው ትልቅ ነው።

ሳውንድ ሲስተሙ

ኩሽና ውስጥ ያለው አደጋ ይታወቃል፣ መድረክ ላይ ያለውን ግን ሰው አያስበውም። ስፒከሩ ዝዝዝ የሚል ድምጽ ሲያወጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዕቃዎቹ በሁለት የተለያየ መንገድ ከግራውንድ ጋር መያያዛቸው ነው፣ አንዳንዱ ሳውንድ የሚሠራ ሰው ታድያ ድምጹን ለማጥፋት የአንዱን ግራውንድ ይቆርጠዋል ወይ በቴፕ ይሸፍነዋል። ድምጹ ይጠፋል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዛ በኋላ አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ነገር ቢበላሽ ኮረንቲው በኪቦርዱ ወይ በጊታሩ በኩል መጥቶ ማይኩን በከንፈሩ የነካው ዘፋኝ ላይ ያልፋል። ትክክለኛው መፍትሔ ዲአይ ቦክስ የምትባለው ትንሽ ሳጥን ናት፣ ድምጹን በትራንስፎርመር ታሳልፋለች ግራውንዱ ግን ሳይነካ ይቀራል፣ ወይ ደሞ የመድረኩን ዕቃ በሙሉ ከአንድ ቦታ መሰካት። ፓት ቴስት በትክክል የተደረገበት ሳውንድ ሲስተም የተቆረጠ ግራውንድ ይዞ ሊያልፍ አይችልም፣ በዚህ ላይ ስቲከሩ ጥቅም አለው፣ ባንዱ በየሳምንቱ ገመዱን እስካልቀያየረ ድረስ።

ምርመራው የማያየው

ዕቃው ሳይፈታ ነው የሚለካው፣ ስለዚ ውስጥ የላላ ግንኙነት፣ ሊበላሽ የደረሰ ክፍል፣ ደካማ ባትሪ አይታይም። ይሄን ለመረዳት የግሬንፌል ታወርን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። በሰኔ 2017 ምዕራብ ለንደን ውስጥ 72 ሰው ያለቀበት እሳት የተነሳው 4ኛ ፎቅ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ወገናችን ቤት ከነበረ ፍሪጅ ነው፣ የአጣሪው ጉባኤ የመጀመሪያ ሪፖርት በ2019 ሲወጣ መነሻው የፍሪጁ የኤሌክትሪክ ብልሽት እንደሆነና ሰውየው ምንም ጥፋት እንደሌለበት በግልጽ ጽፏል። እሳቱን ወደዛ መዓት የቀየረው የሕንጻው ሽፋን ነበር፣ ያ ሌላ ርዕስ ነው። እዚህ የሚያገባን በአግባቡ የተያዘ መደበኛ ዕቃም ከውስጡ ሊበላሽ መቻሉ ነው። የአምራቹን የሪኮል ዝርዝር (ጉድለት ተገኝቶባቸው እንዲመለሱ የተጠሩ ዕቃዎች ማለት ነው) ማየት ማንም የማይሠራው ግን ነጻ የሆነ ሥራ ነው።

ሌላ አገር ያላችሁ

አሠራሩ በየአገሩ ይለያያል፣ የእንግሊዙን ይዞ ሌላ ቦታ መከራከር አያዋጣም። ጀርመን ውስጥ ድርጅቶች ተንቀሳቃሽ ዕቃን በየጊዜው እንዲያስመረምሩ የአደጋ መድን ተቋማቱ ደንብ፣ ዲጂዩቪ ፎርሽሪፍት 3 የሚባለው፣ ያዛል፣ እዛ ነገሩ ከእንግሊዝ ይጠብቃል። አሜሪካ ውስጥ እንደ ፓት ያለ ልማድ የለም፣ የሚታየው ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ የታወቀ ቤተ ሙከራ ምልክት፣ ለምሳሌ ዩኤል፣ አለው ወይ የሚለው ነው፣ የእሳት ተቆጣጣሪውም እሱን ሊጠይቅ ይችላል። የሰው መከላከያው መቁረጫ ግን እዛ የበለጠ ንቁ ነው፣ በ5 ሚሊ አምፔር አካባቢ ይቆርጣል፣ ኩሽና ውስጥ ያለው ባለ ሁለት በተን ሶኬት ማለት እሱ ነው።

ማኅበራት ምን እያደረጉ ነው፣ ምንስ ይሻላል

በየዝግጅቱ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ይዞ ሲመጣ ያለው ችግር ማንም የማንን ዕቃ ታሪክ አለማወቁ ነው። አንዱ መውጫ ማኅበሩ ራሱ ጥቂት ዕቃ ገዝቶ፣ ለዚህ አገር ቮልቴጅና ስፒና የተሠራ፣ በአንድ ሰው ኃላፊነት አስቀምጦ እሱን ብቻ መጠቀም ነው፣ በዓመት ወይ በሁለት ዓመት አንድ ቀን መርማሪ ተጠርቶ ሁሉንም በአንድ ሂሳብ ይጨርሳል፣ ከአጎራባች ማኅበር ጋር ቢሆን ደሞ የበለጠ ይረክሳል። ሌላው ከአባላት መካከል ኤሌክትሪሺያን ወይ የሠለጠነ ሰው ካለ በእሱ ማሠራት ነው፣ ሕጉ የሚፈልገው የሚያውቅ ሰው እንጂ የተወሰነ ኩባንያ አይደለም፣ ችግሩ አንዳንድ አዳራሽ የውጭ ሰው ወረቀት ካልሆነ አልቀበልም ይላል፣ ያንን ከመፈረም በፊት ጠይቆ ማወቅ ነው።

ከኃላፊው ጋር ሲነጋገሩም "ፓት አለን" ብሎ ከመዝጋት ይልቅ ሌሎች ጥያቄዎችን መጠየቅ ይጠቅማል፣ ኩሽናው ስንት መስመር አለው፣ አርሲዲ አለው ወይ፣ የትኞቹ ሶኬቶች አንድ ብሬከር ላይ ናቸው። እንደዚ ብሎ የሚጠይቅ ተከራይ ሲያጋጥመው ኃላፊው ራሱ ብዙ ጊዜ ይለሰልሳል፣ ለሩዝ መቀቀያውና ለቡናው ምድጃ ቦታ ይገኛል። የ3,500 ዋቱ ምጣድ ግን ስቲከር ቢኖረውም ባይኖረውም 13 አምፔር ስፒና ላይ ቦታ የለውም፣ እሱ በኤሌክትሪሺያን የተዘረጋ የራሱ መስመር ይፈልጋል፣ መስመሩ እስኪኖር ድረስ እንጀራው ዋዜማውን ቤት ተጋግሮ በሰፌድ ይመጣል።